ቃለ ጉባኤው ያልያዘው የአቶ ኡርጌሳ ጃራ ንግግር

አቶ ኡርጌሳ ጃራ ከአባታቸው ከአቶ ጃራ ቡልቱምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሻሼ ገመዳ በአርሲ፣ በደራ አካባቢ ጥቅምት 12 ቀን 1907 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ገበሬም አስታራቂ ሽማግሌም ነበሩ፤ ከእርሻው ይልቅ የሰው ጠብ አደከማቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአቶ ጃራ ሽምግልና አንድ የማይታለፍ ሥርዓት ነበር። ተከራካሪ የራሱን ከመናገሩ በፊት ባላጋራው ያለውን መልሶ ይደግማል፤ ባላጋራውም «ኤዬ፣ አዎ፣ ብያለሁ» ብሎ ካላረጋገጠለት መልስ አይፈቀድለትም። ሰው የገዛ ነገሩን በባላጋራው አፍ ሲሰማ ስለሚያፍር ብዙ ጠብ እዚያው ላይ ይበርድ ነበር። አቶ ኡርጌሳ ይህን ሥርዓት ገና በልጅነታቸው ከአባታቸው አጠገብ ተቀምጠው ተማሩ። በኋላ ዘመናቸው የተከበሩትም የተጎዱትም በዚሁ ነው።

ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት በደራ ከቄስ ዘንድ ነው። ከዚያም ወደ ናዝሬት መጥተው ከአንድ የምድር ባቡር ጸሐፊ ፈረንሳይኛ ተማሩ። ፈረንሳይኛቸው ከሰላምታ ብዙም አላለፈም፤ እሳቸው ግን ይህን አምነው አያውቁም። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት፣ ቀጥሎም በዳኝነት አገልግለዋል። በ1936 ዓ.ም. ከወይዘሮ አሳየች ደምሴ ጋር በተክሊል ተጋብተው ነጋሳንና ኢፍቱን ወለዱ። ወይዘሮ አሳየች እንደሚያጫውቱን፣ በትዳራቸው መጀመሪያ ወጡ ጨው በዛበት ለመባባል እንኳ አንዱ የሌላውን ደግሞ እስኪያረጋግጥ ወጡ ይቀዘቅዝ ነበር። ያም ሆኖ በአርባ ሦስት ዓመት ውስጥ ተኳርፈው ያደሩበት ቀን እንደሌለ ይመሰክራሉ።

በ1949 ዓ.ም. የአካባቢው ሕዝብ መርጧቸው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ገቡ፤ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የላይኛው ምክር ቤት ለሆነው ለሕግ መወሰኛው አባልነት ተሾሙ። እዚያ ብዙ ተናገሩ አይባልም፤ ሲናገሩ ግን ስለሚያውቁት ሰው ነበር። የገበያ ቀን በየከተማው ዓርብ ይሁን የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ የቡልቡላ ሙስሊም ነጋዴ ከሶላቱና ከእንጀራው አንዱን ምረጥ ሊባል አይገባም ብለው ተከራከሩ፤ ሐሳቡም ተጣለ። ስለ ሸንኮራ ቆራጮች ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ የሠራተኛ ሚስት የምትወልድበት ክፍል ከፋብሪካው መኪና ማቆሚያ ቀድሞ ይታሰብ ብለዋል። በዚህ ሁሉ መጀመሪያ የተቃዋሚያቸውን ቃል ደግመው «እንዲህ ነው ያሉት?» ብለው ይጠይቁ ነበር። አንዳንድ አባላት «ኡርጌሳ ሊቃወመኝ ነው መሰለኝ፣ ከእኔ አሳምሮ ተናገረልኝ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ የቀረው በ1963 ዓ.ም. ነው። ያልታጨደ ሰብል ያለው ጭሰኛ ከመሬቱ አይነሣ የሚል አንቀጽ ለክርክር ቀረበ። አንድ አዛውንት ደጃዝማች ትራክተር የጭሰኛን አጨዳ ቆሞ ሊጠብቅ አይችልም ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። አቶ ኡርጌሳ መልስ ሊሰጡ ተነሡ፤ ለተናጋሪ የተፈቀደው አሥር ደቂቃ ነው። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው የደጃዝማቹን ነገር ከነምክንያቱ መድገም ያዙ። ደጃዝማቹ ደስ እያላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የሚያጨበጭብም ተገኘ። አቶ ኡርጌሳ «እኔ ደግሞ» ብለው ወደ ራሳቸው ቃል ሊሻገሩ ሲሉ ሰብሳቢው ጊዜው አልቋል ብለው ለሌላ ሰው ዕድል ሰጡ። አንቀጹ ወደቀ። በቃለ ጉባኤውም አቶ ኡርጌሳ ጃራ የባለመሬቱን መብት በሰፊው አስረዱ ተብሎ ተጻፈ።

በዚያን ዕለት ሴት ልጃቸው ኢፍቱ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረችና፣ ከእንግዶች መቀመጫ ሆና ታዳምጥ ነበር። ጭብጨባውን ስትሰማ ተነሥታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ለፋሲካም ለገናም ናዝሬት አልመጣችም። አቶ ኡርጌሳ በየወሩ ይጽፉላት ነበር፤ እሷ ደብዳቤውን ሳትከፍት ትመልስ ነበር።

መስከረም 1967 ዓ.ም. ምክር ቤቶቹ ተዘጉ፤ በኅዳር አቶ ኡርጌሳ ለማጣራት ተብለው ናዝሬት ውስጥ ተያዙ። አጣሪዎቹ ቃለ ጉባኤውን አነበቡ። ምስክር ሲፈልጉም ልጃቸው በዚያን ዕለት እዚያ እንደነበረች ሰሙና ከዕድገት በኅብረት ዘመቻ ጣቢያዋ ከቡልቡላ አስጠሯት። እሷም አባቷ ለባለመሬቶች ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብላ ፈረመች። ያቺ ልጅ ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናንተ ፊት ስሜን በሦስተኛ ሰው መደበቅ አላስቻለኝም።

ጎረቤታችን ሐጂ አብዱልመናንና ባለቤታቸው ወይዘሮ ቀመሪያ አባታችንን አልተዉአቸውም። የሥጋ ነገር በሁለቱ ሃይማኖት መካከል አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ወይዘሮ ቀመሪያ ሰኞና ሐሙስ ሽሮና ምስር ሠርተው ወደ እስር ቤቱ ይልኩ ነበር። እኔንም መክረው እሑድ እሑድ አባቴን እንድጠይቅ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው።

በመጀመሪያው እሑድ አባቴ አልተቆጡኝም። «እስቲ ያልሽውን ልድገመው» ብለው የሰጠሁትን ምስክርነት ቃል በቃል ነገሩኝ፤ ለምን እንደዚያ እንዳልኩም፣ እንዴት እንዳዘንኩባቸውም ጨምረው። ልቅሶ ይዞኝ ማረጋገጥ አልቻልኩም፤ የመጠየቂያው ሰዓት አለቀ። በሁለተኛው እሑድ «አዎ፣ ብያለሁ» አልኳቸው። በሦስተኛው እሑድ ሊናገሩት የነበረውን ነገሩኝ። ይህን ነበር ያሉት፦ «ደጃዝማች እንዳሉት ትራክተር ብዙ ያርሳል፤ ይረስ። የቆመው ሰብል ግን የዘራው ሰው ጉልበት ነው። ልጆቹ ቀምሰው ካልሄዱ ያን እህል የሚበላው ሁሉ የሰው እንባ ይበላል። ደራ ላይ መሬት አለኝ፤ ሕጉ መጀመሪያ እኔን ይሰር።»

በማግሥቱ ወደ አጣሪዎቹ ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። አባቴ ግን አስቀድመው አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ ያልሰማሁትን ሰማሁ እንዳልል አስማሉኝ። ሄጄም እውነቱን ተናገርኩ፦ ግማሹን ሰምቼ ወጣሁ፣ ሌላው ግማሽ በልባቸው ነበር አልኩ። የእስረኛ ልብ ማስረጃ አይሆንም ተባልኩ። አንዲት ውሸት ብናገር ምናልባት ይፈቱ ነበር። አባቴ በልጃቸው ውሸት ከመውጣት እስከ መስከረም 1970 ዓ.ም. መታሰርን መረጡ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የማጣበት ጊዜ አለ።

ከተፈቱ በኋላ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ተቀምጠው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ባለጉዳዩ «አዎ፣ ይህን ነው ያልኩት» ሳይል ወረቀቱን አያስፈርሙም፤ ስለዚህ ሰልፉ ረዥም ነበር፣ ሰው ግን ወደ ሌላ ጸሐፊ አይሄድም ነበር።

በ1978 ዓ.ም. ሕዝብ በሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ላይ እንዲወያይ ሲደረግ በቀበሌያችን አዳራሽ ተገኙ። የሚናገር ሁሉ ሦስት ደቂቃ ተፈቀደለት። አባቴ ተነሥተው ከእሳቸው በፊት የተናገሩትን የወይዘሮ አበዛሽን፣ የጉልት ነጋዴዋን፣ አስተያየት ሲደግሙ ጊዜው አለቀ። እኔ ጎንበስ አልኩ። ወይዘሮ አበዛሽ ግን እጃቸውን አወጡና ዕድል ሲሰጣቸው «ያልኩትን ብለውልኛል፤ የኔን ሦስት ደቂቃ ለጋሽ ኡርጌሳ ሰጥቻለሁ» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ ሰብሳቢውም ፈቀዱ። አባቴ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አይፈረድበት የሚል ይጨመር ብለው አስመዝግበው ተቀመጡ። ይጨመር አይጨመር አላውቅም። አባቴ ግን ሲናገሩ ያን ዕለት እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው፤ ወጥተን እስከ ቤታችን ድረስ እጃቸውን ይዤ ሄድኩ።

ካለፈው ሰኔ ጀምሮ የጉሮሮ ሕመም ያዛቸው። ቀስ በቀስ ድምፃቸው ጠፋ። በመጨረሻዎቹ ወራት የሚሉትን በከንፈራቸው እያነበብን እኛ ጮክ ብለን እንደግመው ነበር፤ እሳቸውም በዓይናቸው ያረጋግጡልን ነበር። ታኅሣሥ 19 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በገብርኤል ዕለት ጠዋት፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ዐረፉ።

አቶ ኡርጌሳ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አሳየችን፣ ልጆቻቸውን ነጋሳንና ኢፍቱን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም በደራ አብረዋቸው ያረሱ ወንድሞቻቸውን ትተው አልፈዋል። ዛሬ ከደራ በጭነት መኪና ተጭነው የመጡት ሽማግሌዎች የቀድሞ ጭሰኞቻቸው ናቸው። ሰብሉ ቆሞ ሳለ አንድ ጊዜ እንኳ ከመሬታቸው አንሥተዋቸው እንደማያውቁ ልትጠይቋቸው ትችላላችሁ። እኔ በጊዜው ልጠይቃቸው ይገባኝ ነበር።

አባቴ ሆይ፣ ያቋረጥኩዎት እኔም ነኝና ይቅር ይበሉኝ። የምድሩ ጉባኤ ያላስጨረሰዎትን ቃል፣ ጊዜ የማይገድበው ዳኛ በፊቱ አቁሞ እስከ መጨረሻው ይስማዎት፤ ነፍስዎንም በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን።