ድንኳኑ ደንገል ሰፈር ይተከል

እኔ ወይዘሮ ውዴ ሀዲስ፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት፣ አድራሻዬ ባሕር ዳር ከተማ፣ ጣና ዳር፣ ደንገል ሰፈር፣ ዛሬ ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጥዋቱ በአራት ሰዓት፣ በገዛ ቤቴ ውስጥ አልጋዬን ተደግፌ ይህን ኑዛዜ እናገራለሁ። እግሬ አብጧል፤ ልቤም እንደ ድሮው አይመታም። አእምሮዬ ግን የማንንም ውለታ፣ የማንንም ነውር አልረሳም። ኋላ ተነሥቶ «አእምሮዋ ደክሞ ነበር» የሚል ቢኖር፣ ትናንት ማታ የበላሁትንም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሰማሁትንም ቃል በቃል መናገሬን ምስክሮቼ ይንገሩት። ያስገደደኝ የለም። ሊያባብሉኝ የመጡም ባለፈው ሳምንት መጥተው ተመልሰዋል፤ ስማቸው ከታች ይነሣል።

ጸሐፊዬ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው አኒስ ነው። አድራሻዬን ሲጽፍ «እማማ፣ ጣና ዳር ብለን ብናቆመው አይሻልም?» አለኝ። የተባልኸውን ጻፍ አልሁት፤ ይህንንም ጽፎታል።

ከዚህ በፊት ያደረግሁት ሌላ ኑዛዜ የለም። የምሽረው አንድ ቃል ግን አለ፤ ስደርስበት እናገረዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ለቅሶዬ። የሞትሁ ዕለት ድንኳኔ እዚሁ ደጄ ላይ ይተከል፤ ሦስት ቀንም ይቁም። አርባ ዓመት በዕድራችን የሰው ድንኳን ስተክል፣ ንፍሮ ሳዘግን የኖርሁት የራሴን ለቅሶ ሌላ ሰፈር ለመስደድ አይደለም። ይህን ማለት ያስፈለገኝ አንድ ልጄ ሀኒ አለበል ከባሏ ከኢንጂነር አንዳርጋቸው ጋር ባለፈው ሳምንት መጥታ የለቅሶዬን ቦታ ስለወሰነችልኝ ነው።

«እማ፣ እኛ ቤት ግቢና ላስታምምሽ» አለችኝ።

ደስ አለኝ። እናት ሞኝ ናት። ቀጠለችና፣

«ድንገት አንድ ነገር ቢሆንም ለቅሶው እዚያው ይሆናል። የአንዳርጋቸው ቤተሰቦች እዚህ ሰፈር እንዴት ብለው ይገባሉ?»

«እነሱ እኮ ዘጌ ጠበል ላይ ነው የሚያውቁኝ» አልኋት።

«ያው… አስከሬኗ በጀልባ ከዘጌ መጣ እንላለን።»

ጉልበቴን እያሸች ነው ይህን የምትለኝ። ባሏ በዚህ መካከል ከበሩ እስከ ሐይቁ ድረስ ግቢዬን በእርምጃ ይለካ ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ ትንቢት መኪና ውስጥ ተቀምጣለች፤ እንድትወርድ አልተፈቀደላትም። ሲወጡ «እማዬ፣ ማናቸው?» ስትል በመስኮቱ ሰማኋት። እናቷም «የማውቃቸው ሴትዮ ናቸው» አለቻት። ይህን ኑዛዜ ያናገረኝ በሽታዬ አይደለም፤ ያቺ መልስ ናት።

ሁለተኛ፤ ጠበል ስለገባሁበት ምክንያት። ደንገል ሰፈር ሲባል የከተማው ሰው መጀመሪያ ኪሱን ይዳብሳል፣ ቀጥሎ አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት በዚህ ዳርቻ ቀረሶና አምባዛ እየሰነጠቅሁ ለሆቴሎች አስረክቤአለሁ። እነዚሁ አፍንጫቸውን የሚይዙት ሰዎች እሑድ እሑድ ሎሚ እየጨመቁ የበሉት ዓሣ በዚህ እጅ ያለፈ ነው። ሲበሉት አልሸተታቸውም። የምንሸታቸው እኛ ነን። እንዲህ ያለ አፍንጫ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ እኔ ግን ንቄዋለሁ።

ሀኒ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች የአንዲት ተማሪ ሰዓት ጠፋ። አስተማሪዋ ሃምሳ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ቆማ «የደንገል ሰፈሯ ቦርሳ ይፈተሽ» አለች። ከቦርሳው ሁለት ደብተር፣ አንድ ማስመሪያና በጋዜጣ የጠቀለልሁላት ጥብስ ቀረሶ ወጣ። ክፍሉ በሙሉ አፍንጫውን ያዘ። ሰዓቱ በማግሥቱ ከባለቤቷ ከራሷ የስፖርት ጫማ ውስጥ ተገኘ፤ ይቅርታ ያለ ግን አልነበረም። ልጄ ያን ቀን ቤት ገብታ ቆዳዋ እስኪቀላ በሳሙና ተፈተገች። ከዚያ ወዲህ ዓሣ በአፏ አልዞረም። አስተማሪዋ በሕይወት ካለች ከእኔ የምትወርሰው ምንም የለም፤ ርግማኔም ይበዛባታል።

ሀኒ ተማረች፣ ሥራ ያዘች፣ ከዚያም ትውልዷን ቀየረች። «የዘጌ ልጅ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ባለቡና ናቸው» አለች። ዘጌን የምታውቀው ከዚህ ዳርቻ ሆና ጀልባው ሲሄድ በማየት ነው። አንዳርጋቸው ሊያገባት ሽማግሌ ሲልክ ሽማግሌ የሚቀበል ቤት አስፈለገ። እሷም ዘንባባው ባለበት መንገድ ላይ የሥራ ባልደረባዋን ቤት ለአንድ ቀን ተዋሰች። አባቷ አለበል ሞቷል፤ የዚያው ባልደረባዋ ባል አጎቷ ሆኖ ተቀመጠ። እናትየዋስ ሲባል «አሟቸው ዘጌ ጠበል ገብተዋል» ተባለ።

እኔ ጠበል አልገባሁም። የተባልሁት በጓዳ በኩል ግቢ ነው። ሽርጥ ታጥቄ የሽማግሌዎቹን ዶሮ ወጥ ሠራሁ። ለምን እሺ አልሽ ለሚለኝ፣ ልጄ ናት፤ ዶሮውንም ከእኔ በላይ የሚሠራላት አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። እንደ ደንቡ መልስ ካላገኘን አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ አጎት ተብዬው ፈቀደና ተቀመጡ። ከሦስቱ አንዱ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓዳ ብቅ ሲል ዓይን ለዓይን ተያየን። አቶ ወልደ ዮሐንስ ነው፤ የመምሪያ ኃላፊ የነበረው፣ አሁን በጡረታ ያለው። ከተማው ሁሉ የጎንደር ሰው እንደሆነ ያውቃል። እኔ ግን ከቤቴ ሦስተኛው በር ላይ የተወለደ የታንኳ ሠሪው የይሁኔ ልጅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቂጡን ያጠብሁት ልጅ ነው።

«እትዬ ውዴ! ጠበል ነሽ አልተባለም እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አንተስ ጎንደር አልተወለድህም እንዴ?» አልሁት።

እጁን ሳይታጠብ ተመለሰ። ዶሮው ተበልቶ ምርቃት ላይ ሲደረስ የተነሣው እሱ ነው። «እናትየዋንም እግዚአብሔር ይማርልን፣ በጤና ከጠበል ይመልስልን» ብሎ መረቀ። ሳሎኑ በሙሉ አሜን አለ። እኔም ጓዳ ውስጥ፣ ጭልፋ እንደያዝሁ፣ አሜን አልሁ።

እሽረዋለሁ ያልሁት ቃል ይህ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ተሰድቤ ብዙ ተሳድቤአለሁ፤ በአንዱም አላፍርም። በዚያ አሜን ግን አፍራለሁ። ከዛሬ ኅዳር 14 ቀን ጀምሮ ተሽሯል፤ እንዳልተባለ ይቆጠር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠበል ውስጥ ያለች ሴት ወይ ድና ትወጣለች ወይ ትሞታለች። እኔ አሁን ወጣሁ።

ሦስተኛ፤ የራሴ ጥፋት። ሰውን ሁሉ ከሰስሁ፤ ራሴን ብተው ለምስክርነት የተቀመጠው ቄስ ይታዘበኛል። ደንገል ሰፈር ሁለት ረድፍ ነው። የላይኛው ረድፍ ቤቱ ድንጋይ ላይ የቆመ ነው፤ የታችኛው ረድፍ በክረምት ውኃ ይገባበታል። እኛ የላይኞቹ የታችኞቹን «ረግረጎች» እንላቸው ነበር። ሀኒ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ታችኛው ረድፍ ወርዳ፣ ጨው የምትነግደው የሸሪፋ ልጆች ዘንድ ስትጫወት ባገኛት በአለንጋ ገረፍኋት። «ከረግረጎች ጋር ምን አገናኘሽ?» አልኋት። ልጄ በሰፈር ሰውን መናቅ ከሌላ አልተማረችም፤ የተማረችው ከእኔ ነው። ድንጋዩ ከውኃው የሚበልጠው በሁለት ክንድ ነበር፤ እኔም በሁለት ክንድ ኮርቼ ኖርሁ። አለበልን ሐይቁ የወሰደብኝ ጊዜ በመጀመሪያ ደርሳ አብራኝ ወለል ላይ የተኛችው ግን ያቺው ሸሪፋ ናት። ስለ አለንጋውም ስለ ስሙም በእነዚህ ምስክሮች ፊት ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። ዛሬ ምስክር ያልሆነችው የምተውላት ነገር ስላለ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ቤቴ። ባለቤቴ አለበል በእጁ የሠራው፣ ካርታው በስሜ ያለው ይህ ቤትና እስከ ሐይቁ የሚደርሰው ግቢ ዛሬ ወዳጅ በዝቶለታል። ዳርቻው ሎጅ ሊሠራበት ነው ከተባለ ወዲህ ሰው ሁሉ ደንገል ሰፈርን ወደደ። አንዳርጋቸው ማን እንደሆንሁ ከሠርጉ በኋላ ቢያውቅም፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ «እማማ» ያለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለፈው ሳምንት ነው፤ ሐይቁን እያየ «ይህ ቦታ እኮ ቪው አለው» አለ። ሽታ የነበረን ሰዎች ቪው ያለን ሰዎች ሆንን። ዓሣው ያው ነው፣ ረግረጉም ያው ነው።

ሀኒን ከውርስ አልነቅላትም። ቤቱንና ግቢውን እሰጣታለሁ፤ በዚህ መንገድ ግን ነው። ድንኳኔ ደጄ ላይ ይተከል። እሷ ሦስቱንም ቀን እዚህ ትቀመጥ። የባሏ ቤተሰቦች ይጠሩ። ያን ቀን ጓዳ ውስጥ የታጠቅሁት ሽርጥ በሣጥኔ ውስጥ ታጥቦ ተቀምጧል፤ እሱን ታጥቃ ለአማቶቿ ንፍሮ ታዘግን። ይህ የማን ቤት ነው ሲሏት «የእናቴ ነው፤ እኔም እዚህ ተወለድሁ» ትበል። ከዚያ በላይ አልጠይቃትም። ይህን ካላደረገች ቤቱና ግቢው ለዕድራችን ይሁን፤ የታችኛው ረድፍ ሰው ቤቱን ውኃ ሲያባርረው ይጠለልበት። መደረጉንና አለመደረጉን የዕድሩ ዳኛ አቶ ደሞዝ ቆሞ አይቶ ይወስን፤ ኑዛዜዬን የሚያስፈጽመው እሱ ነው። ደሞዝ ግትር ሰው ነው፤ ለዚህ መረጥሁት።

አምስተኛ፤ ትናንሽ ነገሮች። ለሸሪፋ ሦስቱን የዓሣ ቢላዎቼን፣ አልጋዬንና ዳርቻው ላይ የምቀመጥባትን ድንጋይ። ድንጋይዋ በካርታ አትገባም፤ ከእሷ በቀር ግን ማንም አይቀመጥባትም።

ለአማቼ ለኢንጂነር አንዳርጋቸው ባለቤቴ ጀልባ ይለካበት የነበረውን ሜትር። የተማረ ሰው የሰው ግቢ በእርምጃ ሲለካ ማየት ያሳፍራል።

ለትንቢት የእናቷን ቦርሳ። ያ የተፈተሸው ነው፤ አልጣልሁትም። የምትሰጣት እናቷ ትሁን፤ ምን እንደነበረበትም እናቷ ራሷ ትንገራት።

ስድስተኛ፤ ስለ ምስክሮቼ። ሦስቱን የጠራኋቸው ስለማምናቸው ነው። አራተኛውን አቶ ወልደ ዮሐንስን የጠራሁት ስለሚፈራኝ ነው። ይኸው ከፊቴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ ተቀምጧል። ሲሾምም ሲሻርም ወደዚህ ሰፈር አልመጣም፤ እናቱ ስትሞት እንኳ ለቅሶዋን ሌላ ሰፈር ነው ያስቀመጠው፤ እኛ ጎረቤቶቿ ከአጥር ውጭ ቆመን አለቀስንላት። ሀኒ የምታደርገውን ከእሱ አየች አልልም፤ መንገዱን ግን እሱ ጠርጎታል። ምስክሮቼ ሁሉ ከስማቸው ቀጥሎ የተወለዱበትን በገዛ እጃቸው ይጻፉ። እሱ የፈለገውን ይጻፍ። እኔ አስነብበዋለሁ።

ይህ ኑዛዜ በምስክሮቼ ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል፤ ቃሌ ነው። አኒስ የአሻራ ቀለም አምጥቶ ነበር፤ አውራ ጣቴ ግን በቢላ ተተልትሎ መስመሩ ጠፍቷል። በስሜ እፈርማለሁ። ስሜን መጻፍ ያስተማረችኝ ሀኒ ናት፤ ሁለተኛ ክፍል ሳለች፣ በዚህ በር ጀርባ ላይ፣ በከሰል። እጄን በእጇ ይዛ ነበር። ጽሑፉ ዛሬም አለ፤ ቤቱን ብትወርስ በሩን እንዳታስቀባው። ልጄን እወዳታለሁ። ያደረገችውን ደግሞ ንቄዋለሁ። ሁለቱም ይጻፍ።

ውዴ ሀዲስ (ፊርማ)

እኛ ከዚህ በታች ስማችን የተጻፈው አራት ምስክሮች ወይዘሮ ውዴ ሲናገሩ ሰምተን፣ ሲነበብላቸው አብረን አዳምጠን፣ ሲፈርሙም አይተን ፈርመናል።

1ኛ ቄስ ጥዑመ ልሳን ዋለልኝ፣ ትውልድ፦ ሰባታሚት (ፊርማ)

2ኛ አብዱልበሲጥ ሙሀመድየሱፍ፣ የመረብ ነጋዴ፣ ትውልድ፦ ወረታ (ፊርማ)

3ኛ መምህርት ሰሚሐ ኑርሁሴን፣ ትውልድ፦ ዓባይ ማዶ (ፊርማ)

4ኛ ወልደ ዮሐንስ ይሁኔ፣ ጡረተኛ፣ ትውልድ፦ (አንድ ቃል ተሰርዟል) ደንገል ሰፈር (ፊርማ)

ስለ ስርዙ፦ በ4ኛው መስመር ላይ «ጎንደር» ብዬ የጻፍሁትም የሰረዝሁትም እኔ ነኝ። ድንኳኑ በተተከለ ዕለት፣ ያን ጊዜ በሽምግልና የላኩኝን የአንዳርጋቸውን ቤተሰቦች እዚህ ድረስ መርቼ የማመጣቸው እኔ እሆናለሁ።

ወልደ ዮሐንስ፣ የታንኳ ሠሪው የይሁኔ ልጅ።