ስምሽ ያለበት ዕጣ

ምሕረቴ፣

በሞት ከተለየሽን ይህ ሁለተኛው ብርድ ነው። የሎሚው ዛፍ አጥሩን አልፎ ወደ ጎረቤት ዘንበል ብሏል። ልጃችን ሶስና በቁመት ደርሳብኛለች፤ አሁንም በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። እኔም የመምህርነቱን ኮርስ ልጨርስ ነው። በዚህ ዕድሜዬ። አንቺ ነሽ ያስጀመርሽኝ።

ያን የስም ዕጣ ታስታውሺዋለሽ? ስልኬ ላይ የሚሽከረከረውን ክብ። ለክፍል ልጆች ብዬ ስለማመድበት መጀመሪያ ያስገባሁት የሦስታችንን ስም ነበር። ሳህን የሚያጥበው ማነው? እኔ ላይ ሲቆም ከሶፋው ሳትነሺ «ሃሌሉያ!» ትያለሽ። አንቺ ላይ ሲቆም ግን ሁልጊዜ የሥራ ሺፍት አለብሽ። «ባል ለመቼ ነው?» ብለሽ ቦርሳሽን ታነሺያለሽ። በአንቺ ፈንታ እኔ አጥባለሁ።

ከሄድሽ ወዲህ አልነካነውም። የየራሳችንን ሳህን አጥበን ወደየክፍላችን እንገባለን።

ዛሬ ኬንሲንግተን ባለው ትምህርት ቤት የመጨረሻው የሙከራ ትምህርቴ ነበር። የኮርሱ ገምጋሚ ከኋላ ተቀምጣለች። ማን እንደሚያነብ ዕጣ ላወጣ ስልኬን ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኘሁና ነካሁት። ዞረ።

የክፍሉን አልነበረም የከፈትኩት። የቤታችንን ነው።

ስምሽ ላይ ቆመ። ግድግዳውን ሞልቶ። ከሥሩ ሁለት ምርጫ፦ ስሙን አጥፋ፣ ወይም ዝጋ።

ጣቴ አየር ላይ ቀረ። ገምጋሚዋ ከወረቀቷ ቀና አለች። አንዱ ልጅ «ምሕረት የምትባል እኮ የለችም!» አለ። የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ ተቆጣችው። «አለች! ዛሬ አልመጣችም እንጂ።»

«ልክ ነሽ» አልኳት። ዘጋሁት። አላጠፋሁሽም። ከዚያ የልጆቹን ከፈትኩና አስተማርኩ። ማለፌን ገና አላውቅም።

እራት በልተን ስንጨርስ ለሶስና ነገርኳት። ስልኬን አንሥታ ከቆሸሹት ሳህኖች አጠገብ አቆመችውና ዕጣውን አዞረችው።

አንቺ ላይ ቆመ።

ረጅም ጊዜ አየችው። «ሺፍት አለባት» አለች። በአማርኛ።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ምሕረቴ፣ ስምሽ ከዚያ አይወጣም። ዕጣው አንቺ ላይ በወደቀ ቁጥር እኔ አጥባለሁ።