ይቅር አላልኩም

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ፣ ደብተሬ። ባሌን ግርማን ማን እንደገደለው በዓይኔ አይቻለሁ። ፉሪ፣ ዘበኛ የነበረበት ጅምር ሕንፃ በር ላይ። ምሳውን ይዤለት ስደርስ። በፌሮ ብረት ጭንቅላቱን የመታው የሰፈራችን ሽማግሌ የጋሼ ዘውዴ የወንድም ልጅ ነው። ፊቱን አየሁት። ለፖሊስ ግን ጀርባውን ብቻ ነው ያየሁት አልኩ።

ጋሼ ዘ. ከፖሊስ ቀድሞ ቤቴ ገብቶ ነበር። የሞተ አይነሳም፣ ሰፈሩ ውስጥ ብቻሽን ነሽ፣ የምትይውን አስቢበት አለኝ። አሰብኩበት። ልጁ ምስክር ጠፋ ተብሎ ተለቀቀ። ኋላ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እግሬ ላይ ወደቀ። ይቅር ለእግዚአብሔር ብዬ አነሳሁት። አፌ ነው ያለው።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት። ሽማግሌዎቹ ለእርቅ በሄዱ ቁጥር ይዘውኝ ይሄዳሉ። መናገር የለብኝም። መቀመጥ ብቻ። እሷ ባሏን ገድለውባት ይቅር ብላለች፣ አንቺ በዚህ ታኮርፊያለሽ? ይላሉ። ያልቃል። ስንቷን ሴት ዝም አሰኘሁ።

ዛሬም ጠርተውኛል። ጀሞ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ትናንት የሄድንባት ሴት መሠረት ትባላለች። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ባሏ የፈላ ውሃ ደፍቶባት ታስሯል። አንገቷ፣ ግራ ክንዷ። ፋሻው ቢጫ ሆኗል። ሰኞ ፍ/ቤት ቀርባ ትመሰክራለች፤ ሽማግሌዎቹ "ታርቀናል" እንድትል ነው የሚፈልጉት።

ጋሼ ዘ. በማር ድምፁ ጀመረ። "ልጄ፣ ውሃ እኮ ነው፣ እሳት አይደለም።" አንዱ ሽማግሌ ሳቀ።

"እንግዲያው ለእርስዎም ላፍላልዎት፣ አባባ?" አለች መሠረት።

ጋሼ ዘ. እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። እቃ እንደሚያሳይ ነጋዴ። መሠረት ዞራ አየችኝ።

"እትዬ ብርቄ፣ እውነት ይቅር ብለዋል? ከልብዎ?"

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። አለቀሰች። እስከ ሰኞ ላስብበት አለች።

ደረጃው ላይ ጋሼ ዘ. ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። "አንቺ እኮ ሳትናገሪ ከጠበቃ ትበልጫለሽ።"

ኅዳር 7፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ለቡ መብራት ኃይል፣ መንገድ ዳር፣ ሕገ መንግሥቱን ገዛሁ። ያረጀ። ፊደል የለየሁት ብቻዬን፣ በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ነው፤ ቀስ ብዬ አነባለሁ። አንቀጽ 19፣ የተያዙ ሰዎች። 20፣ የተከሰሱ። 21፣ የታሰሩና የተፈረደባቸው። መልካም። ሰው በከንቱ አይሰቃይ። 22ን ገለጥኩ። የተቃጠለችው የለችም። እስከ መጨረሻው ፈለግኳት። 37 ላይ ማንም ሰው ፍትሕ ማግኘት ይችላል ይላል። በ"ማንም ሰው" ውስጥ ራሴ አስገባኋት። ጠባብ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ መሠረት ደወለች። ባሏ ትናንት በዋስ ወጥቷል። ማንም አልነገራትም። ያየችው እታች ሱቅ፣ ዳቦ ሲገዛ። ቃጠሎው ተሻለሽ? ብሎ ፈገግ አለላት። ዐ/ሕግ ዘንድ ሮጠች። አንቺ ምስክር ነሽ፣ ዋስትናው የተከሳሹ መብት ነው፣ ለአንቺ የማሳወቅ ግዴታ የለብንም አሏት። እትዬ፣ ከታረቅሁ ይተወኛል? ብላ ጠየቀችኝ። እንጃ አልኳት። እንጃ!

ኅዳር 9፣ እሑድ

ጋሼ ዘ. መጣ። ነገ 2 ሰዓት ተዘጋጅተሽ ጠብቂ፣ ከቤቷ ይዘናት እንሄዳለን አለ። ያን ጥቁር ነጠላሽን ልበሺ፣ ሐዘንሽ እየደበዘዘ ነው አለኝ። ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። አብሬው። ደብተሬ፣ ይህን ነው የማልችለው።

ኅዳር 10፣ ሰኞ፣ ጠዋት 12 ሰዓት

ጥቁሩን ነጠላ በሩ እጀታ ላይ ሰቅያለሁ። እሱን ይዘው ይሂዱ፤ እንደ እኔው ዝም ብሎ ይቀመጥላቸዋል።

ገጾችህን እየቀደድኩ ነው፤ አትቀየመኝ። የገዳዩን ሙሉ ስም በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ። መሠረት ካነበበች በኋላ ለዐ/ሕግም ይድረስ። ለፖሊስ ዋሽተሻል ብሎ ይክሰሰኝ። ያኔ ቢያንስ አንቀጽ 20 ይኖረኛል።

ታክሲው ጀሞ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ጋሼ ዘ. ገና አልተነሳም። እነዚህን ገጾች የምትቀበለው መሠረት ናት። አራተኛ ፎቅ። በደህናው እጇ።