መብራት ያለው ካምፕ

እሑድ፣ ጥር 24

የዕረፍት ቀን። ሣሩን አጨድኩ። ከዚያ ካራቫኑን፣ በመኪና የሚጎተተውን ቤት፣ አጠብኩ። ሜልተን ካለ ሰውዬ ከገዛሁት ጀምሮ ጓሮ እንደቆመ ነው፤ የትም ሄዶ አያውቅም፣ ግን ይቆሽሻል። የጎረቤቴ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መቼ ነው የምትሄዱት? በቅርቡ እላለሁ። እኛ ሰፈር፣ ሰንሻይን ዌስት ውስጥ፣ እንደ እኔ ካራቫን ንጹሕ ያለ አይመስለኝም።

ሚስቴ አዜብ በኩሽናው መስኮት ስታየኝ ቆየችና፣ «ዶሮ ብናረባበትስ?» አለች።

«አንድ ጊዜ እንሂድና እዪው።»

«ገዳሪፍ አምስት ዓመት የስደተኛ ካምፕ ኖሬያለሁ። አሁን ደግሞ ከፍዬ ልግባ?»

እኔ ሱዳንን በካርታ ነው የማውቃት። በአውሮፕላን ነው የመጣሁት።

እሑድ፣ የካቲት 8

ቅበላ። ሥጋ በላን። አዜብ ሳህኑን ስታነሳ፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር...

«አንድ ጊዜ እሄዳለሁ። መብራት ካለው።»

«አለው።»

«ሌሊቱን በሙሉ?»

«ሌሊቱን በሙሉ።»

«ከጠፋ በዚያው ሰዓት መኪናህን አስነስተህ ቤቴ ታመጣኛለህ።»

«ካራቫኑስ?»

«እሱ የራስህ ጉዳይ ነው። ሁለተኛም ስሙን አታንሣብኝ።»

ሳህኑን አጠበች። ውኃው እየፈሰሰ፣ «እዚያ የሚከፋው ጨለማው ነበር» አለች። አልጠየቅሁም።

ለሌበር ዴይ፣ ለሠራተኞች ቀን ዕረፍት፣ ሐይቅ ዳር ቡክ አደረግሁ። ፓወር ያለው ሳይት፣ መብራት የሚሰካበት ቦታ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ፍትዊ መጣ። ኤሌክትሪሺያን ነው፤ የመቀሌ ልጅ። አማርኛን እንደ ሽቦ ነው የሚጠቀመው፣ ከሚያስፈልገው በላይ አይቆርጥም። የካራቫኑን የመብራት ሳጥን ከፍቶ ረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄን ማነው የነካካው?»

«እኔ።»

«ደፋር ነህ።»

ሁሉንም ፈትቶ እንደገና ሠራው። ከዚያ አስተማረኝ። የቤት መብራት ያንተ ብቻ ነው፣ የካራቫን ማቆሚያ ፓርክ መብራት የሁሉም ነው አለ። ሲሞቅ ሁሉም ኤር ኮንዲሽን ይከፍታል፣ ኃይሉ ይወርዳል። ሲያጠፉ ይዘላል። መብረቅ ወይም አሮጌ ሽቦ ሲጨመርበትማ... በእጁ ወደ ላይ አሳየኝ። ፍሪጅ፣ ቻርጀር፣ ቲቪ፣ ሁሉም አንድ ላይ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሰርጅ ፕሮቴክተር ግዛ። ትንሽ ሳጥን ነው። ከፓርኩ ሶኬትና ከገመድህ መሀል ይገባል። ኃይል ሲበዛ ይዘጋል። መዝጋት ካቃተው እሱ ይሞታል፣ ዕቃህ ይተርፋል።»

አዜብ ልብስ እያሰጣች ትሰማ ኖሯል። «ይሄማ የአዲስ አበባ መብራት ነው» አለች። «ከፍ ዝቅ ሲል እናቴ ፍሪጁን ንቀሉ ብላ ትጮህ ነበር። ሲመለስም እስኪረጋ አንድ አምፖል ብቻ ነው የምናበራው።»

«እናትሽ ኢንጂነር ነበሩ» አለ ፍትዊ።

እኔ ደግሞ፣ «አሁን ያለነው አውስትራሊያ ነው» አልኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21

ሳጥኑን ገዛሁ። ቢጫ ነው። ጓሮ ሰካሁት፣ አረንጓዴ አበራ።

አመሻሽ ላይ አዜብ ለመጀመሪያ ጊዜ ካራቫኑ ውስጥ ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መብራቱን አጠፋች፣ አበራች። አጠፋች፣ አበራች።

«ሳጥኑ እያለ አይጠፋም?»

«አይጠፋም» አልኩ። ፍትዊ እንደዚያ አላለም። ያለው ዕቃው አይቃጠልም ነው።

ልጃችን ሀኒ ስትደውል ነገርኳት። «ማም? ካምፒንግ?» ብላ ሳቀች። አባቷ የተናገረው ነገር እንዲህ አስቋት አያውቅም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 28

ሐይቁ ዳር ደረስን። እንደ ፍትዊ አድርጌ ሰካሁ፤ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ፣ ሳጥኑ አረንጓዴ እስኪሆን ጠብቄ። አዜብ ከኋላዬ ቆማ አየች።

ሁሉም ሥጋ ይጠብሳል። የጎረቤታችን ሰውዬ ሶሴጅ በሳህን ይዞልን መጣ። ጾም ስለሆነ አዜብ ፋስቲንግ ነን አለችው። የደም ምርመራ ያለብን መስሎት ከልቡ አዘነልን። ሽሯችንን ተደብቀን በላን።

መብራቱ በርቶ አደረ። እኔ በብርሃን መተኛት አልወድም። እሷ አልተነቃነቀችም።

እሑድ፣ የካቲት 29

ጠዋት፣ «ተኛሁ» አለች። ሻይ አፈላሁ።

ከምሳ በኋላ ጋሼ ገብረመድኅን መጡ። የፊትዝሮይ ሰፈሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ ከፊታችን የሚቀመጡት። ልጃቸው ካራቫኑን አቆመላቸውና የሥራ ሺፍት አለብኝ ብሎ ተመለሰ። እኛ እንዳለን የነገሩት እሳቸው ናቸው። እነ አምሳሉ አሉልኝ፣ ብቻዬን አይደለሁም ብለውት፤ አምሳሉ እኔ ነኝ።

አዜብ ሻወር ሄዳለች። ጋሼ ቢጫውን ሳጥን አዩት።

«ይህች ደግሞ ምንድን ናት?»

አስረዳኋቸው። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። ረዘም አድርጌ፣ በእጄ ወደ ላይ እያሳየሁ።

«እኔ እኮ ያለ ማሽን አልተኛም» አሉ። ሲተኙ ትንፋሻቸው ስለሚቋረጥ አፍንጫቸው ላይ የሚያደርጉት ማሽን አለ። «መብራቱ እንደዚያ የሚዘል ከሆነ... መቼም እግዚአብሔር ያውቃል።»

አልጠየቁኝም። ሳጥኑን ብቻ ያያሉ። ቢጠይቁኝ እምቢ እል ነበር? አልልም ነበር።

«ይውሰዷት ጋሼ።»

«ኧረ በፍጹም። እናንተስ?»

«እኛ ግድ የለንም።»

እኛ ያልኩት ለብቻዬ ነው። ሁለት ጊዜ እምቢ አሉ፣ በሦስተኛው ተባረክ አሉ። ወስጄ ሰካሁላቸው። የእኛን ገመድ በቀጥታ ሰካሁት።

አዜብ ፀጉሯን እያደረቀች ተመለሰች። ነገ እንሄዳለን፣ አንድ ሌሊት ነው ብዬ ዝም አልኩ። በምዕራብ በኩል ደመና አለ። ወፍራም ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 30

ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ ጋሼ ጋ ነበርኩ። ገና ዝናብ አልጣለም፤ ነጎድጓዱ ግን ቀርቧል። ውኃ እንድቀዳላቸው ጠርተውኝ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ እያወሩኝ ነው። የፓርኩ መብራቶች ፈዘዙ። ከዚያ ነጡ፣ መብራት መንጣት ከሚገባው በላይ። ፈዘዙ። እንደገና ነጡ... የሆነ ቦታ ጧ አለ። ድርግም።

በእጅ ባትሪ አየሁት። ቢጫው ሳጥን ሞቷል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። የጋሼ ማሽን ምንም አልሆነም።

ወደ እኛ ሄድኩ። አልሮጥኩም፤ ምን አስቸኮለኝ? ካራቫኑ ጨለማ ነው። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሴ አወጣሁ።

አዜብ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። የገመዱ ጫፍ ጭኗ ላይ ነው።

«መብራቱ ከፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር ወጣሁ» አለች። «ሳጥንህ የለም። ነቀልኩት። ውስጥም ያገኘሁትን ማብሪያ ሁሉ አጠፋሁ።»

«ከመጥፋቱ በፊት?»

«በፊት ነው እንጂ። ከጠፋ በኋላ ምን ይነቀላል?»

እግሬ ስር የሚሰማኝ ሣር ብቻ ነው። ፊቷ አይታየኝም።

«ጨለማ ነው» አልኩ።

«አያለሁ። ሳጥኑ የት ሄደ?»

«ጋሼ ጋ።»

«ጠየቁህ?»

«አልጠየቁኝም።»

«አንተም ግድ የለም አልክ።»

«አልኩ።»

«ማሽናቸውስ?»

«ደህና ነው። ሳጥኑ ሞተ።»

ሐይቁ ዳር አንድ ውሻ ይጮኻል። ዝናቡ መጣል ጀመረ።

«መኪናውን ላስነሳ?»

«ሽማግሌውን ለማን ትተን?»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። የካራቫኑ ባትሪ ሙሉ እንደሆነ ያኔ ትዝ አለኝ። ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ አምፖሎች ያለ ፓርኩ መብራትም ይሠራሉ፤ ያጠፋቻቸው እሷ ናት።

«ከባትሪው የሚበራ አለ። ላብራው?»

«ቆይ» አለች።

ቆየን። ዝናቡ ከጣሪያው ጫፍ እግራችን ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ ራሷ ተነስታ አበራችውና ጋሼን ጥራቸው አለች።

ጋሼ እኛ ጋ ወንበር ላይ ተቀምጠው አደሩ። መብራት ስለሌለ ማሽኑ አይሠራም። ጠዋት፣ «እንኳን ማሽኗ ተረፈች» አሉ። እሳቸው አልተኙም፣ እኛም አልተኛንም። የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ነገር ጨረሱት።

የሶሴጁ ሰውዬ ፍሪጅና ቲቪ ተቃጥሏል። መብራት ሲመጣ ገመዱን አነሳሁ። አዜብ ከእጄ ወሰደችው። «ይረጋ መጀመሪያ።»

እሑድ፣ መጋቢት 13

የዕረፍት ቀን። ሣሩን አጨድኩ። ካራቫኑ ቆሽሿል፣ ተውኩት።

ፍትዊ መጥቶ ሁሉንም ፈተሸ። የተቃጠለ የለም።

«ማነው የነቀለው?»

«እሷ።»

«ስለ እናቷ ያልኩት ልክ ነበር። አንተ ሁለት ሳጥን ግዛ።»

«ሁለት ለምን?»

«አንዱ ለካራቫኑ፣ አንዱ ለይሉኝታህ።»

ሁለት ገዛሁ።

ማታ አዜብ ስልኳን እየነካካች፣ «ለፋሲካ ቡክ አደረግሁ» አለች። ካምፕ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

«የት?»

«ወንዝ ዳር። እኛ ብቻ። ለጋሼ እንዳትነግር።»

«ፓወር ያለው ነው?»

«የሌለው። መብራት ሊያብድ ነው ብዬ ስጠብቅ አላድርም።»

ሁለቱ ሳጥኖች ጋራዡ ውስጥ ናቸው፤ አልተከፈቱም። የካራቫኑን ባትሪ ቻርጅ ላይ አደረግሁት።