ፎቶግራፈር ስንት ጊዜ ይጨበጨባል?

ነሐሴ 2001 ዓ.ም.
ለክቡር አቶ ያርጋል፣ የአስጎብኚዎች ፈተና ሰብሳቢ
ደባርቅ

የክረምቱ ብርድ ጉሮሮዎን ሳይነካው፣ ድምፅዎም በፈተናው ቀን እንደነበረው ጎልቶ ሳለ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ እመኛለሁ።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ የእንግሊዝኛ ቃል የሚከፋፈለው በጆሮ እንጂ በእኛ ፊደል ቁጥር አለመሆኑ ነው። «ፎቶግራፈር» በእኛ ሲጻፍ ስድስት ፊደል ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲነገር ግን አራት ክፍል ብቻ አለው፤ ጎልቶ የሚነገረውም ሁለተኛው ነው። ይህን ካልሁ ዘንድ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ባለፈው ሳምንት በፈተናው አዳራሽ፣ ዳባት ሳለሁ ያስተማርኋት ጽጌሬዳ ይህንኑ ቃል በጭብጨባ እንድትከፍል ታዝዛ አራት ጊዜ አጨበጨበች። እርስዎም «ሁለት ይቀርሻል» ብለው በደግነት ሲያርሟት፣ ከኋላ አንዱ «ሁለቱን ጭላዳ በላባት» አለና አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ተፈታኝ ጥለው ታዳሚ ስላዝናኑ እናመሰግናለን።

፪. የእንግሊዝኛ አጽንዖት ማለት ፊደል ማጥበቅ መሆኑንም አስተምረውናል። ማጥበቅ የገናን በዓል «ገና ነው» ከማለት ለመለየት እጅግ ይበጃል። «ፎቶግግራፈር» የሚል አስጎብኚ ግን ምን እንዳለ እንግዳው እስኪገባው ድረስ ዋልያው ገደሉን ወርዶ ይጨርሳል።

፫. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። «ሁላችንም አብረን» ሲሉ፣ በክብር እንግድነት ከፊት ተቀምጬ፣ በይሉኝታ ስድስት ጊዜ አጨበጨብሁ። ጽጌሬዳ እጄን አየች። እርሷ ያስተማርኋትን መልሳ ወደቀች፤ እኔ ያላስተማርሁትን አጨብጭቤ ሻይ ተጋበዝሁ። ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን እናቷን እንዳላገኝ በጓሮ መንገድ እሄዳለሁ።

ጽጌሬዳ የአስጎብኚነት ፈቃዱን ካላገኘች፣ ክረምቱ ሲወጣ የሚመጡትን እንግዶች መምራት አትችልም፤ ዓመቱን ሙሉ የተዘጋጀችውም ለዚሁ ነበር። ስለዚህ መልሷ ከመስቀል በፊት ዳግም እንዲታይላት፣ እኔም በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት ቆሜ አራት ጊዜ እንዳጨበጭብ እንዲፈቀድልኝ እለምናለሁ።

ለጭብጨባዎ ታዛዥ የነበርሁ፣ አሁን ግን እጄን የሰበሰብሁ፣
ላቀው ተክለ ማርያም
ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስምዎ በእርስዎ አቆጣጠር አራት ጭብጨባ ይወጣዋል። ከማዶ የሚጠራዎ ሰው ግን «ያር–ጋል» ብሎ በሁለት ይጨርሳል። ሁለት ይቀራል ብለው «አቤት» ሳይሉ የቀሩበትን ቀን አልሰማሁም። ለዚህ ደብዳቤም እንደዚያው በቶሎ አቤት ይበሉልኝ።