ከሲቀላ ወደ ሴቻ

አለሜ፣

አርባ ምንጭን በሳይክል ዞርኳት። “የባሕር ዳር ልጅ ሳይክል ያቅተዋል?” ብዬ ስፎክር ቆይቼ፣ ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚያወጣው ዳገት ትንፋሼን ቀማኝ፤ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። አብረውኝ የሚነዱት ጡረተኛ መምህር፣ ጋሽ ጥዑመልሳን፣ ጉልበት ሳያንሳቸው እሳቸውም ወረዱ። “ኧረ ይቅደሙ” ብላቸው፣ “አብሮ የወጣ አብሮ ይገባል” ብለው ሳይክላቸውን እየገፉ ከጎኔ ሄዱ። የዓባያ ሐይቅ ከታች ተንጣሏል፤ እኔ ግን የታየኝ የእኛው የበዛዊት ዳገት ነው። ያኔ ጥዬህ ሄጄ፣ “ቀደምኩት” እያልኩ ስንት ዓመት አወራሁ!

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትህን እትዬ ዘቢደርን ሳምልኝ። ያን ቀን “ልጄስ?” ሲሉኝ “ደክሞት ቀረ” ያልኳቸው ውሸት ነው። የሳይክልህ ሰንሰለት ሲበጠስ ሰምቼ ነበር።

ዕዝራ