ሻንጣው ውስጥ ያልነበረው የዋና ልብስ

ውድ አስቴር፣

ከተለየሽን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ያለሽበት ቦታ ደህና አለመሆን የሚባል ነገር እንደሌለ ፓስተሩ በቀብርሽ ዕለት በሰፊው አስረድተውናል። እኛም ደህና ነን፤ የእኛ ግን ማስረጃ ስለሚፈልግ ልዘርዝርልሽ።

የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎለታል። ባጃጆቹ ቀድሞ በጭቃው ምክንያት አንገባም ይሉ ነበር፤ አሁን በድንጋዩ ምክንያት አንገባም ይላሉ። የተከልሽው አቮካዶ አፍርቷል፤ ያፈራው ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለሆነ ጎረቤቶቻችን ፌስታል ይዘን ሲያዩን በራቸውን መዝጋት ጀምረዋል። እናትሽ ለሁለት ሳምንት ብለው ከቱላ መጥተው ይኸው ሁለት ዓመታቸው። አሁንም ሰው ሲጠይቃቸው «ለሁለት ሳምንት ነው» ይላሉ። ቢታንያ ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። የወተት ጥርሶቿ ረግፈው ትልልቆቹ ወጥተዋል፤ ፊቷ ላይ ሲታዩ እነሱንም አንቺ «ታድግባቸዋለች» ብለሽ የገዛሻቸው ይመስላሉ።

ስለዚያ ሻንጣ ሳላመሰግንሽ መሄድሽ ይቆጨኛል። በመጨረሻው ዓመትሽ ሻሽሽን ግንባርሽ ድረስ አውርደሽ ነጂባ ሱቅ እየሄድሽ ልብስ ስታመጪ፣ እኔ ሕመሙ ወደ ጭንቅላትሽ የወጣ መስሎኝ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ይዘን ለአሥር ዓመት ልጅ የሚሆን ሹራብ ስትገዢ «ይሄ እኮ ለእኔም ይሆናል» ብዬሽ ነበር። «ታድግበታለች» አልሽኝ፤ ሌላ አልጨመርሽም። ከሄድሽ በኋላ ሻንጣውን ስከፍት እያንዳንዱ ልብስ ላይ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተይዞበታል፦ ለሰባት፣ ለስምንት፣ ለዘጠኝ፣ ለአሥር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ «ለሰባት» የሚለውን አለበስኳት። ልጅሽን ሦስት ዓመት ሙሉ ያለበስሻት አንቺ ነሽ። ሰዎች «እንዴት አድርገህ ብትይዛት ነው» ሲሉኝ ዝም እላለሁ፤ ዝምታዬን ትሕትና ይሉታል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ጉማሬ ልናይ በጀልባ የሄድን ቀን ትዝ ይልሻል? ከተሰጡን ሦስት ላይፍ ጃኬቶች ማሰሪያ የነበረው አንዱ ብቻ ነበር። እሱን ለልጅቷ አስረሽ «አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ እንደምንም ትሆናለህ» አልሽኝ። ጉማሬው ብቅ ሲል ደግሞ ክንዴን ጨብጠሽ፣ ይህች ልጅ ዋና ሳትማር አድጋ እንዳላይ አልሽ። ሐይቅ ዳር ኖረን ሁለታችንም ውሃ የምናውቀው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ሆስፒታል ተኝተሽም ይህንኑ ደገምሽልኝ፤ ዋና ትማር አልሽ፣ እሺ አልኩ። ለአንቺ ከገባሁት ቃል ያልፈጸምኩት እሱን ብቻ ነው። ዘንድሮ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ቅዳሜ ጠዋት ልጆች ማስተማር ሲጀምር አስመዘገብኳት። የዋና ልብስ ይዛ ትምጣ ተባለ።

ሻንጣውን ፈተሽኩ። የዝናብ ጃኬት አለ፣ ካልሲ አለ፣ የዋና ልብስ የለም። ወይ ረስተሽዋል፣ ወይ ለእኔ ትተሽዋል። ሁለተኛውን መረጥኩ፤ ክብር አለው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንደሚሠራ ሰው መጀመሪያ መደርደሪያ ላይ ፈለግኩ። ስለ ዓሣ እርባታ ሦስት መጻሕፍት አሉን። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ውሃ ውስጥ ምን ትልበስ የሚል አንድም የለም። ዓሣ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው።

እናትሽን አማከርኩ። «ልጅቷ የምትሄደው ልትዋኝ ነው ልትታይ?» አሉኝ። ልትዋኝ ነው ስላቸው «እንግዲያው በቀሚሷ ትግባ» አሉ። ጥጥ ውሃ ጠጥቶ ስለሚከብድ አሠልጣኙ ከልክሏል ብዬ አስረዳሁ። «መክበዱ ደግ ነው፣ አይገለብም» አሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ነጂባ ሱቅ ይዣቸው ሄድኩ።

ነጂባ መጀመሪያ ያወጣችው ሁለት ቁራጭ ጨርቅና አራት ክር ነበር። ቀሪው የት አለ ብዬ ጠየቅኩ። «የቢታንያ አባት፣ ይኸው ነው እኮ። ለልጅ ተብሎ ነው የመጣው» አለችኝ፤ እሷም ሰቅላው ትስቅበት እንደነበር ያስታውቃል። እናትሽ በሁለት ጣታቸው አንሥተው ወደ ብርሃን አዩትና «ለአሻንጉሊት ነው» ብለው መለሱት። ቀጥሎ ለገዛ ልጇ ለሐያት የገዛችውን ዓይነት አሳየችን፤ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን። እናትሽ የክርስቲያን መሆን አለመሆኑን ሳይጠይቁ ወደዱት። እኔ ደግሞ ልጅቷ ውሃ የምትነካው በፊቷ ብቻ እንዳይሆን ሰጋሁ። ተከራክረን ተከራክረን አጭር እጅጌ ያለው፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ የሚል ሰማያዊ ላይ ታረቅን። አስተውዪ፤ የምትዋኘው ልጅ ቤት ቀርታ፣ በሕይወታችን ዋኝተን የማናውቅ ሦስት ሰዎች ነን የወሰንነው።

ነጂባ ለዘጠኝ ዓመት የሚሆነውን ስታወጣ፣ የአሥራ ሁለቱን ስጪኝ አልኳት። «የውሃ ልብስ እኮ በልክ ነው» አለች። ደረቴን ነፍቼ «ታድግበታለች» አልኩ። በአንቺ ድምፅ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ቢታንያ ገንዳው ውስጥ ዘለለች። ልብሱ ውሃ ሞላና ጀርባዋ ላይ እንደ ጆንያ ተነፋ፤ ትከሻው ወደ ክንዷ ወረደ። በአንድ እጇ አንገትጌውን፣ በሌላው የገንዳውን ጠርዝ ይዛ ቀረች። ሁለት እጅ የሚፈልገው ዋና ያን ቀን አንድም አላገኘም። ስትወጣ ከእግሮቿ ውሃው እንደ ቧንቧ ወረደ፣ ልጆቹ ሳቁ። ፎጣ ውስጥ ተጠቅልላ፣ ሳታለቅስ፣ «አባዬ፣ ሁለተኛ አልመጣም» አለችኝ። ባጃጅ ውስጥ ደግሞ ወደ ውጭ እያየች «የእማዬ ልብሶች እኮ ልኬ ናቸው» አለች።

አስቴር፣ እውነት ለመናገር ቅር አለኝ። ከልክ በላይ መግዛት ያስተማርሽኝ አንቺ፣ የተመሰገንሽውም አንቺ።

ማታ ይህንኑ ለእናትሽ ብነግራቸው ተነሡ። የቢታንያን የዩኒፎርም ጉርድ አምጥተው ገልብጠው ጠርዙን አሳዩኝ። ሁለት መስመር የመርፌ ቀዳዳ ነበረበት፤ አንዱ ከአንዱ በላይ። ትልቅ ገዝተሽ፣ ወደ ውስጥ አጥፈሽ በልኳ ትሰፊው ነበር። እሳቸው ደግሞ በየዓመቱ አንድ መስመር ይፈቱ ኖረዋል። እኔ ሦስት ዓመት ጉርዱን ሳጥብ ኖሬ ያንን አላየሁም። ከአንቺ የያዝኩት ግማሹን ብቻ ነው። «ታድግበታለች» ማለትሽን ሰማሁ፤ እስክታድግ ድረስ ዛሬ በልኳ መሆኑን ግን አላየሁም። «የሚለጠጥ ጨርቅ አይታጠፍም፤ ሂድና የዛሬዋን ግዛላት» አሉኝ እናትሽ። ከዚያ ሁሉ ክርክራቸው በኋላ ስለ ጉልበቷ መሸፈን አንድ ቃል አልተነፈሱም።

በማግሥቱ ቢታንያን ራሷን ይዤ ሄድኩ። ነጂባ ከመጋረጃው ጀርባ ክንድሽን አንሺ፣ ቁጭ በይ፣ ተነሺ ስትላት ይሰማኝ ነበር። የመጀመሪያው ብብቷን ያዛት። ሁለተኛውን ቢታንያ «ይሄ መጎተት አይፈልግም» ብላ መረጠችው። ያው ሰማያዊ፣ ያው አጭር እጅጌ፣ የዘጠኝ ዓመት። መጎተት የማይፈልግ መሆኑን ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብንበትም ነበር። ወደ ገንዳው መመለስ ትፈልጊ እንደሆን አሁን ንገሪኝ አልኳት። «ሐያት አብራኝ ካለች እሺ» አለች።

እናትሽ በቀጣዩ ቅዳሜ አብረውን መጡ። ከመልበሻው እስከ ገንዳው ነጠላቸውን ዘርግተው አጀቧት፣ ከዚያ ጠርዙ ላይ ቆመው በቋንቋቸው በሲዳሙ አፎ ትእዛዝ ሰጡ፤ እኔ ግማሹን ተረዳሁ፣ አሠልጣኙ ሁሉንም ተረድቶ ፈገግ አለ። ቢታንያ አራት ጊዜ ቀዘፈችና ቆመች። ከዚያ ስድስት ጊዜ። በመጨረሻ ግድግዳውን ለቃ፣ በሁለት እጇ፣ ሐያት ወዳለችበት ደረሰች። ሩቅ አይደለም፤ ከአልጋችን እስከ በሩ ያህል ነው። ጀልባው ላይ የጨበጥሽው ክንዴ ግን አወቀው።

ያ ሰማያዊ ልብስ በሚመጣው ዓመት ይጠባታል፤ ያኔ እሷን ጠይቄ ሌላ እገዛለሁ። የዋናውን ልብስ ለእኔ ትተሽ መወሰን እንደምችል ስላሳየሽኝ፣ ሦስት ዓመትም ጊዜ ስለገዛሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ልብስ ባጠብኩ ቁጥር ጠርዙን ገልብጬ አያለሁ፣ አንቺን እዚያ አስታውስሻለሁ፤ ጉርዱ ሲያጥራትም አልጥለውም።

ሻንጣሽ ውስጥ ከቀሩት አንዱ «ለአሥር» የሚለው ሹራብ ነው። ትናንት የአሥራ ሁለቱን የዋና ልብስ አጥቤ፣ አድርቄ፣ አጣጥፌ አጠገቡ አስቀመጥኩ። ወረቀት ቆርጬ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩበትና «ለአሥራ ሁለት» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ከአንቺ ጋር አይወዳደርም፣ ግን ይነበባል።

ባልሽ